መቶ ሃምሳ ምት በደቂቃ

ሙዚቃ አላውቅም አቦ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳ፤
ከከዚራ ወደ መጋላ ስንቱን አመላለስኩ ዕዳ፦
የሽንኩርት ኩንታል፣ ሙሽራ፣ ባቡር ያመለጣት እንግዳ።
ዘንድሮ ግን የጫንኩት ከአውራ ጣቴ ያነሰ፣
ፍላሽ ነው፣ በክር የታሰረ፣ በሁለት ሰፈር የታረሰ።

ልዑልሰገድ ከዚራ፣ አባቱ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣ፣
ሂንዲያ ከመጋላ፣ ቀን ጨርቅ ሸጣ ሌሊት እንቅልፍ የምታጣ።
የሁለቱ ፍቅር አንድ ነው፦ ከሆላንድ የመጣ ምት፤
ሃርድስታይል ይሉታል። እኔማ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት
ሞተሬ የነከሰ መስሎኝ፣ ወርጄ በእጄ ዳሰስኩት።
በደቂቃ መቶ ሃምሳ ጊዜ፣ ዱ! ዱ! ደረት የሚመታ፤
«የሰው ልብ እንዲህ ከሄደ» አልኩት፣
«ድል ጮራ ነው የሚያድር ማታ።»

ኔትወርኩ አይነሳ፤ ዳታውም ከሥጋ እኩል ተወደደ፤
እናም ዘፈኑ፣ ዘፈን ካሉት፣ በእኔ ጎማ ተራመደ።
እሱ አንድ ጫፍ ይልካል፣ እሷ ያንን ትቆርጣለች፣
«ምቱ ደረቅ ነው በለው፤ ውሃ የለውም» ትላለች።
እሱ ደግሞ «ዜማው በዛ፤ ሰርግ ነው እንዴ?» ይላል፤
እኔ መሐል ቤት ሆኜ ስድባቸው አፌ ውስጥ ይበስላል።
ግማሹን ስሄድ እጥላለሁ፣ ግማሹን ስመለስ፣ ድልድዩ ላይ፤
ዛሬም አለ ደቻቱ ውስጥ፣ አሸዋውን ቆፍሮ የሚሻ ያይ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ሄድን፣ አሮጌው ወርክሾፕ ደጃፉ፤
ዘበኛው አንድ ፓኮ ተቀብሎ፣ ፀሐይ ሊሞቅ ሄደ ከጫፉ።
ሐዲድ ቁራጭ ተጋድሟል፣ ዝገት ነው የለበሰው፤
ሂንዲያ መዶሻ አነሳች፤ ልዑልሰገድ ስልኩን አስጠጋው።
አንዴ። ደግማ። ሠላሳ ጊዜ። ላቧ በክንዷ ወረደ፤
አቧራ ከጣሪያው ረገፈ፣ እርግቡ ግር ብሎ ሄደ።

ከዚያ መሐሉ ቀራቸው፣ ምቱ የሚወድቅበት።
ምን ያህል ዝም ይባላል፣ ከመውደቁ በፊት?
የድሬ ልጅ ይሄን ነገር ከማንም አይማር፦
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ በጣት ሲቆጠር፣
ደንገጎ ላይ ዘንቧል።
መጀመሪያ ውሻ ያዳምጣል።
ቀጥሎ ጠጠር ያወራል።
ቀጥሎ

ሂንዲያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ» አለች፣
«ስምንት ምት ዝም በል። ምንም እንዳትጨምርበት።»
ለማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።
በእኛ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ላደገ ሰው፣ ይሄ አይጠየቅም።

ሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም? ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ፤
ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ከረመ፣ ሁለቱም በሬን አለፉ።
በመጨረሻ ሂንዲያ መጣች፣ «ሀ ከለ ይቀድማል» ብላ፤
ልዑልሰገድ በፈረንጅ ፊደል ሞከረ፤
እዚያም ቀደመችው ወላሂ፣ ዕዳው ሆነበት ድርብ ሌላ።

አርብ ሌሊት ወጣ።
መብራት ጠፍቶ ነበር፤
ስልኩን ከባጃጄ ባትሪ አጥብተን፣
ትንሿ መስመር ዘጠና ዘጠኝ ላይ ስትቆም፣
ወሪያ! አላት ልዑልሰገድ፣ ግመል እንደሚነዳ።
እስከ ንጋት አርባ አንድ ጊዜ ተሰማ፤
አሥራ ሁለቱ እኔ ነኝ።

ጠዋት ጋሽ ደርቤ መጡ፣ የልዑልሰገድ አባት፤
ጆሯቸውን ወርክሾፑ ከበላው ሃያ ዓመት አለፈው።
መዳፋቸውን ስፒከሬ ላይ አሳረፉ፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው።
ዝምታው ሲመጣ እጃቸውን አላነሱም፤
ስምንቱንም ቆዩ።
ምቱ ሲወድቅ ዓይናቸው ተከፈተ፦
«ይሄ የእኛ ብረት ነው» አሉ።
ቀጥለውም፣
«ማነው የመታው? ክንዱ ጥሩ ነው፤ ቀጥረውታል?»

«ሂንዲያ ናት!» ብዬ ጮህኩ።
አልሰሙኝም።
«ንገረው» አሉ፣ «ከወገቡ ይምታ፤ ትከሻውን ይጎዳል።»